የቁም እዝን

በኛ አገር መሞት ጥሩ ነው። መታመም ነው ክፉው። ሰው ሲሞት ቅሬው፣ የሰፈሩ የቀብር ማኅበር፣ ይነቃል። ጥሩምባ ነፊው ሸንተረሩ ላይ ቆሞ ይለፍፋል፣ ወንዶቹ ዶማና አካፋ ይዘው ወደ መቃብሩ ይሄዳሉ፣ ሴቶቹ ለሐዘንተኛው እዝን ጋግረው ይመጣሉ፣ ሦስት ቀን ከሐዘንተኛው ጋር ይቀመጣሉ። የቀረ ይቀጣል፤ የቅሬ ቅጣት ደግሞ እንደ መንግሥት ቅጣት በልመና አይታለፍም። ታሞ የተኛ ሰው ግን ከቅዳሴ መልስ «እግዜር ይማርሽ» ይባላል። ያ ሁሉ ሰው በር ላይ ቆሞ አፍንጫውን በነጠላው ይይዝና ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ይሄን የምጽፈው ተናድጄ ነው። ያኔም ተናድጄ ነበር፤ እስካሁን አልበረደልኝም።

ወልድያ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ፣ ማትሪክ ሳይመጣልኝ፣ ላሊበላ እናቴ ቤት ተመለስኩ። ቀበሌው ፊደል የቆጠረ ሲፈልግ እኔን አገኘና የጤና ወኪል አደረገኝ። አጭር ሥልጠና ሰጡን፤ ስለ ሽንት ቤት ጉድጓድ፣ ስለ ክትባት፣ ውሃ ስለ ማፍላት። ሊሞት ያለ ሰው እንዴት እንደሚያዝ አንዲት ቃል አልተነፈሱም። በሥልጠናው ላይ ሰው ሁሉ ይድናል።

የምነግራችሁን በሽተኛ ያገኘኋት ቤት ለቤት ስለ ሽንት ቤት ስሰብክ ነው። ከሰፈራችን ባለ ፎቅ ክብ የድንጋይ ቤቶች አንዱ የሷ ነው፤ ታችኛውን ክፍል ለገና ተሳላሚዎች ታከራያለች፣ ራሷ ላይኛው ውስጥ ትኖራለች፣ መውጫው በውጭ በኩል የድንጋይ ደረጃ ነው። ጠላ ሻጭ ነበረች፣ አፏ የማይቻል። ባሏ ቀድሟት ሞቷል። አንድ ልጇን ብሔራዊ ውትድርና ወሰደው፤ ደብዳቤው ከተቋረጠ ቆይቷል። ግራ ጡቷ ላይ ነቀርሳ ወጥቶ ፈንድቷል። ሆስፒታል ስትሄድ ዘግይተሻል፣ ቤትሽ ግቢ ብለው መልሰዋታል።

በሩን ገፋ ሳደርግ ከአልጋዋ ሳትነሣ፣ «ምን ፈለግሽ?» አለችኝ።

«ስለ ሽንት ቤት ላስተምርዎት ነው።»

«ተማርኩ እንበል። ማን አውርዶ ያደርሰኛል?»

ቀጠለችና፣ «አንቱታሽንም ለቄሶቹ አቆዪው፣ እትዬ በዪኝ» አለች።

ከኔ በፊት የሚጠይቃት ሰው አልጠፋም። አንዲት አሮጊት መነኩሲት ከቤተ ክርስቲያኑ ሥር ካለው ጎጇቸው እየተነሡ ይመጡ ነበር። እማሆይ እንላቸዋለን። ከዚያ የጤና ጣቢያው ድሬሰር፣ ቁስል አጣቢው፣ ተጨመረ። ሦስት ሆንን። ሥራችን ስም አልነበረውም። ዘመድ ከሆንሽ አስታማሚ ይሉሻል፤ ዘመድ ሳትሆኚ የሰው ቁስል ካጠብሽ ግን፣ «ምን ፈልጋ ነው?» ነው ወሬው። ቤቱን ነው ያሉ አሉ። ይቺ ማትሪክ የወደቀች ባለ ፎቅ ቤት አማራት አሉ። እማሆይንም አልማሯቸውም፤ መነኩሲቷ የተዝካሩን ጠላ ከወዲሁ እየቀመሱ ነው ተባለ።

ሥራው ይሄ ነው። ውሃ ከምንጭ ቀድቶ ደረጃውን ማውጣት። አፍልቶ ጨው ነስንሶ ማቀዝቀዝ። የደረቀውን ጨርቅ በውሃው እያራሱ ቀስ ብሎ ማንሣት፤ ከተቸኮለ ሥጋ ይዞ ይነሣል። ቁስሉ ላይ ማር መቀባት፤ ድሬሰሩ ነው ያለን፣ ሽታውን ይቀንሳል ብሎ፣ እውነትም ይቀንሳል። ከቀበሌ ሱቅ ሳሙና ስለማይገኝ ጨርቁን በእንዶድ ማጠብ። ጎኗን ማገላበጥ፣ ጀርባዋ እንዳይላጥ። መጀመሪያ ቀን ከቤቱ ጀርባ ሄጄ አስመለሰኝ። እማሆይ ግን አንድ ቀን እንኳ አፍንጫቸውን ይዘው አላየኋቸውም።

ሕመሙ ሲነሣባት የአልጋውን ጠፍር ትነክሳለች። ድሬሰሩ ያለው አስፕሪን ብቻ ነው። ሌላ ማስታገሻ ስጠይቀው፣ «ከዚህ የሚበልጥ የለኝም፣ እህቴ» ይልና ፊቱን ያዞራል። የጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ «ጤና ለሁሉም» የሚል ትልቅ ሥዕል ተለጥፏል። አንድ ቀን እቀደዋለሁ እያልኩ ሳልቀደው ቀረሁ።

እሷ ከኛ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው። «መዳኑን ትቼዋለሁ። ብቻዬን አልሁን። ማንም ሳያውቅ ሞቼ፣ በሦስተኛው ቀን ሽታዬን ተከትለው እንዳያገኙኝ።»

እኔም አትሆኚም አልኳት። ቃሌን ሰጠሁ ማለት ነው።

ከዚያ ቀበሌው የእርከን ዘመቻ አወጀ። ከሰኞ ጀምሮ ሴቶችና ወጣቶች በሙሉ ወደ ብልባላ አቅጣጫ ወጥተው፣ እዚያው እያደሩ ድንጋይ ይክባሉ። ድሬሰሩም በዚያው ሳምንት ለክትባት ወደ ኩልመስክ ታዘዘ። የሚቀሩት እማሆይ ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ እንስራ ተሸክመው ደረጃ መውጣት አይችሉም፣ ሰው ማገላበጥማ ጭራሽ። ፈቃድ ልጠይቅ ሄድኩ። ሊቀ መንበሩ የሰፈራችን ልጅ ነው፤ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ድምፁ ይወፍራል።

«ማን ሞተብሽ?»

«ማንም አልሞተብኝም፣ ጓድ ሊቀ መንበር። ሊሞት ያለ ሰው አስታምማለሁ።»

«እንግዲያስ ሲሞት ነይ። ለሐዘን ፈቃድ አለ። ለወሊድም አለ። ሊሞት ነው ለሚባል የተፈቀደ ነገር የለም።»

ከዚያ ወጥቼ የቅሬው ዳኛ ዘንድ ሄድኩ። ጨዋ ሽማግሌ ናቸው፣ ለሰው የሚያዝኑ። አያ ዳኛ፣ ቅሬው ተራ ያውጣላት አልኳቸው፤ በቀን ሁለት ሴት፣ አንድ እንስራ ውሃ፣ ሌላ አልጠይቅም።

«ልጄ፣ ቅሬ የሙት ነው» አሉኝ። «በድርቁ ጊዜ አይተሻል። ሰው ያለ ከፈን ገባ፣ ያለ ልቅሶ ገባ። ያን ያየ ሕዝብ ቀብሩን አጥብቆ ቢይዝ አትፍረጂበት። በሽተኛውንም እንያዝ ካልን የትኛውን ይዘን የትኛውን እንተዋለን?»

«የያዛችሁት አንድም የለም፤ በአንድ ጀምሩ» ብያቸው ወጣሁ። እናቴ ስትሰማ ሽማግሌ ተዳፈርሽ ብላ ሳምንቱን ሙሉ አኮረፈችኝ።

ዓርብ ዕለት፣ ከመሄዳችን በፊት ሁሉን አጥበን ልንተዋት ተነሣን። የጠፍር አልጋዋ ርሶ ሸትቷል። እሷን ወለሉ ላይ ቁርበት አንጥፈን አስተኛናትና ድሬሰሩና እኔ አልጋውን ተሸክመን አወረድነው። ፀሐይ ጠፍሩን ከሥር እንዲመታው ገልብጠን ግድግዳው ሥር አቆምነው፣ እግሩ ወደ ሰማይ። በኛ አገር የበሽተኛ አልጋ ከቤት ወጥቶ እንዲያ ከተገለበጠ፣ የተኛበት ሰው አልፏል ማለት ነው። ጥሩምባ ነፊው ማዶ ሸንተረሩ ላይ ሆኖ አየ። ወርዶ መጠየቅ የሚባል ነገር አላሰበም።

እኛ ውስጥ ገላዋን እያጠብን ጥሩምባው ሲነፋ ሰማን። እማሆይ አማተቡ። እሷም ጆሮዋን አቀናች።

«ማን ሞተ?»

ጥሩምባ ነፊው ድምፁን ዘለግ አድርጎ የሷን ስም ከነአባቷ ጠራ። ድሬሰሩ እጁ ላይ ያለውን ጨርቅ ወደ ውሃው ለቀቀው።

«ለኔ ሳይነግሩ ለሱ ነገሩት?» አለች እሷ።

ብዙም ሳይቆይ ደረጃው በእግር ተሞላ። መጀመሪያ የገባችው የጎረቤቷ ሚስት ናት፤ በአንድ አጥር የሚኖሩ፣ ሽታው ራሴን አመመኝ ብላ መስኮቷን በጭቃ ያስደፈነች። ነጠላዋን አጣፍታ፣ ደረቷን እየደቃች፣ «እህቴ፣ እህቴ» እያለች ገባችና ያለቀሰችላት እህቷ በሕይወት እማሆይ ላይ ተደግፋ ስታያት ቀጥ አለች።

«ምነው አቆምሽ?» አለቻት በሽተኛዋ። «ደህና ይዘሽው ነበር እኮ።»

ከኋላዋ የመጡት ሴቶች ገና አላወቁም፤ ደረጃው ላይ ሆነው ያለቅሳሉ። የፊተኞቹ ወደ ኋላ ሲሉ የኋለኞቹ ወደ ፊት ሲገፉ፣ በእልልታና በሙሾ መሃል ያለ አንድ የማይታወቅ ድምፅ ወጣ። እኔ ወደ በሩ ወጣሁ። ግቢው ሞልቷል። ወንዶቹ ዶማ በትከሻቸው ነው፤ ጉድጓዱ ተጀምሯል እየተባባሉ ነው። ያን ሁሉ እጅ ሳይ አንድ ነገር ጭንቅላቴ ላይ ወጣብኝ።

«ይሄ ሁሉ ሰው የት ነበር?» አልኩ። «ለጉድጓዱ ተሽቀዳደማችሁ። አንድ እንስራ ውሃ ስለምናችሁ ከርሜ ውሻ እንደሚያባርር ሰው ነው የመለሳችሁኝ። ለአፈር ነው እንዴ ጉልበታችሁ?»

ከመሃላቸው አንዱ፣ «እኛ ምን እናድርግ፣ የሴት ገላ ነው» አለ።

«ውሃም ሴት ነው? ደረጃውም ሴት ነው?»

አያ ዳኛ ሰውን እየከፈሉ ደረሱ። ጥሩምባ ነፊውን ዓይን ዓይኑን ሲያዩት ጥሩምባውን ከጋቢው ሥር ደበቀ። ይቅርታ ሊጠይቋት ወደ ላይ ወጡ፤ እሷ ግን ይቅርታውን አልፈለገችም።

«አያ ዳኛ፣ የቁም ተዝካር የሚባል ነገር አለ ወይስ የለም?»

«አለ።»

«ልጅ የሌለው፣ ኋላ የሚያወጣለት የሌለው ሰው፣ በቁሙ ያወጣል አይደል?»

«ያወጣል። ወግ ነው።»

«እሺ። እኔ ስሞት እዝኑን ማን ይበላዋል? ሦስት ቀን የምትቀመጡት ማንን ልታጽናኑ ነው? ልጄ የለም። ድንጋዩን ልታጽናኑት ነው?»

ሽማግሌው መቋሚያቸው ላይ ተደገፉ።

«የቁም እዝኔን አምጡልኝ» አለች። «መቀመጡንም አሁን ተቀመጡልኝ። ስሞት ጉድጓዱ ይበቃኛል፤ እሱም ተጀምሯል አሉ።»

«ልጄ፣ እንዲህ ያለውን አባቶቻችን አልሠሩትም።»

«አባቶቻችሁ ጥሩምባውን ሰው ሳይሞት ነፍተውም አያውቁ።»

ደረጃው ላይ ካሉት ሴቶች አንዷ ሳቀች። ከዚያ ሌላዋ። ሳቁ ወደ ግቢው ወረደ፣ ወንዶቹም ምን እንደተባለ ሳያውቁ ሳቁ። አያ ዳኛ አልሳቁም። አሰቡ፣ ወጡ፣ በሩ ላይ ቆመው ተናገሩ። ጥሩምባው ተነፍቷል፤ ጥሩምባ የተነፋበት ቤት ሳይቀመጡበት አይታለፍም፤ ቅሬው ይቀመጣል፤ የቀረ ይቀጣል።

ሊቀ መንበሩ በኋላ መጣ። ሰኞ ዘመቻ አለ፣ ይሄ ሰልፍ ምንድን ነው አለ። አያ ዳኛ፣ «ልቅሶ ቤት ነው። ለሐዘን ፈቃድ አለ ብለህ የለም?» አሉት። ሟቿ ፎቅ ላይ ሆና ታወራለች እኮ ቢላቸው፣ «አንተም የቅሬው አባል ነህ» ብቻ አሉት። ሊቀ መንበርም ይሞታል። ወደ ላይ አንዴ አንጋጦ አየና ሄደ።

እንዲህ ሆነና ሰው መጣ። እንጀራውም ንፍሮውም መጣ፣ እሷ አትበላውም፣ ሽታውን ግን ወደደችው። ሴቶቹን በተራ አስተማርኳቸው፤ ጨርቁን እንዴት እንደሚያርሱት፣ ማሩን እንዴት እንደሚያሳሱት። መስኮቷን ያስደፈነችዋ ጎረቤት መጀመሪያ ቀን ከቤቱ ጀርባ ሄዳ አስመለሳት፤ ሁለተኛው ቀን እጅጌዋን ሰብስባ ገባች፤ ቆይታ እኔን ማረም ጀመረች። ወንዶቹ ውሃ አወጡ። ድሬሰሩ ወደ ኩልመስክ ሄደ፤ እኛን የሐዘን ፈቃዱ አስቀረን፤ ሦስቱ ቀን አልፎም እንነሣ ያለ አልነበረም፤ እሷ ታዲያ፣ «እንደዚህ ደስ ካላችሁ እቆይላችኋለሁ» ትላቸው ነበር። አስፕሪኑ አልጨመረም። ሕመሟ ሲመጣ አሁንም ያው ሕመም ነው፣ የሚነከሰው ግን ጠፍር ሳይሆን የሰው እጅ ነበር። የጎረቤቷ ክንድ ላይ የጥርሷ ምልክት ቆይቷል።

በጠራራ ፀሐይ ሞተች። ጎረቤቷ ደግፋታለች፣ ሁለት ሴቶች ጨርቁ እንዴት ይሰጣ ብለው ይነታረካሉ፣ እማሆይ ዳዊታቸውን ይደግማሉ። እኔ እግሯን ይዤ ነበር። ብቻዋን አልነበረችም።

ደግ ሕዝብ ነው ይሉኛል ይሄን ስናገር። ደግ ነው። የሚያንገበግበኝም እሱው ነው። ክፉ ቢሆኑ ንዴቴ ቦታ ያገኝ ነበር። ያ ሁሉ ደግነት ከአጥሩ ማዶ ቁጭ ብሎ፣ ሥርዓቱ አልደረሰም ብሎ፣ ሴትዮዋ ጠፍር ስትነክስ ሰማ። ከዚያ አንድ ሰው አልጋ አይቶ ተሳሳተ፣ እሷም አፍ ነበራት፣ ተከራክራ አስፈረደች። መናገር የማይችለውስ? ዓይን አፋሩስ? ሊሞት የተኛ ሰው እየቀለደ ሽማግሌ ካልረታ ውሃ አይቀዳለትም?

ከቀብሩ ስንመለስ ሕዝቡ ቅሬውን እያመሰገነ ነበር። አያ ዳኛን ጠጋ ብዬ፣ ወደ ነአኩቶ ለአብ ገዳም በሚወስደው መንገድ ሆዱ ያበጠ፣ ከመኝታው የማይነሣ ሰው አለ አልኳቸው። ለሱስ መቼ ነው የምንቀመጠው?

«እሱ ልጅ አለው እኮ» አሉ።

«ልጁ ግንባር ነው።»

«ቢሆንም አለው። ደግሞም እሱ አልጠየቀ።» ድምፃቸው ላይ ክፋት አልነበረም።

ዳኛውን እዚያው ትቻቸው ተመለስኩ። ድሬሰሩ ገና ከኩልመስክ አልመጣም። እማሆይ ከቀብሩ ቀጥታ የነአኩቶ ለአብን ቁልቁለት ጀምረው ነበር፤ እርምጃቸው አጭር ስለሆነ ቶሎ ደረስኩባቸው።