በሻይ ጠብታ የለየነው ሻርክ

ባለፈው ሳምንት የማስተምርበትን የፍኖተ ሰላም ትምህርት ቤት ዕቃ ቤት ስናጸዳ፣ አይጥና የቆየ ሙጫ የሚሸት ጥቅል ወረቀት እጄ ገባ፤ ስዘረጋው ሁለቱ ሻርኮች ናቸው፣ የሻይ ጠብታውም እንዳለ ነው።

ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ፣ ፕላዝማ ቴሌቪዥን ገና ሳይመጣ፣ ባሕር በዓይናቸው አይተው የማያውቁት የባዮሎጂ መምህራችን ይህን ሥዕል ሰቅለው ብላክቲፕና ስፒነር የሚባሉትን ሻርኮች እንድንለይ ያስጨንቁን ነበር። ሁለቱም ግራጫ፣ ሁለቱም ሹል አፍንጫ፣ የሁለቱም ክንፎች ጫፋቸው ቀለም የተነከረ ይመስል ጥቁር። እኛ ብልጦቹ ዘዴ አላጣንም፤ መምህሩ ሻይ ያንጠባጠቡበት ስፒነር፣ ንጹሑ ብላክቲፕ። ፈተናውን ደፈንነው፤ መምህሩም ኮርተው ከቡሬ ተማሪዎች ጋር ለሚደረገው የጥያቄና መልስ ውድድር እኔን መረጡኝ።

ቡሬ መድረክ ላይ ስወጣ እነዚያው ሻርኮች ከሌላ አዲስ ሥዕል ተቆርጠው ለየብቻ ተለጥፈዋል፤ ስምም ጠብታም የለም። መምህሬ ከፊት ወንበር ያዩኛል፤ እኔን ብለው ከቋሪት የመጡት አባቴ ደግሞ ጋቢያቸውን ደርበው በሩ አጠገብ ቆመዋል።

አባቴ ከብት በመለየት የሚታመኑ ሰው ነበሩ። አንድ ጊዜ ሁለት ጎረቤታሞች በቀይ በሬ ሲጣሉ ይዘውኝ ሄደው፣ “ከላይማ ሁሉም ቀይ ነው፤ ጎንበስ በይና ከሥር እይው” ብለውኛል።

መድረኩ ላይ ጎንበስ አልኩ፤ አዳራሹ ሳቀ። ከሆድ ኋላ፣ ወደ ጭራው ባለችው ትንሽ ክንፍ የአንደኛው ጫፍ ጥቁር ነው፣ የሌላኛው ነጭ። የእኛ ሻይ የጠጣው ሻርክ ትዝ አለኝ፤ ጠብታው ያረፈው ከዚያች ክንፍ አጠገብ ነበር፣ እሷም ጥቁር ነበረች። ባለ ጥቁሩ ስፒነር ነው ብዬ መለስኩ፤ አሸነፍን። ዛሬም በዚህ አገር እነዚህን ሁለቱን ከእኔ በላይ እለያለሁ የሚል ይምጣ።

ዳኛው እንዲህ ማየት ማን እንዳስተማረኝ ሲጠይቁኝ ግን፣ የአባቴን ጭቃ የነካው የጎማ ጫማ አየሁ፤ የቡሬን ልጆችም አየሁ።

“መምህሬ ናቸው” አልኩ።

ከሁሉም አብልጠው ያጨበጨቡት አባቴ ነበሩ። ማታውን፣ “ያን ዓሣ አንድ ቀን በቅርብ ታሳይኛለሽ” አሉኝ። እሺ አልኩ፤ ሳላሳያቸው አረፉ።

ትናንት ሥዕሉን ክፍል ሰቅዬ ከሥር ማየትን ሳስተምር፣ አንዲት ተማሪ ማን እንዳሳየኝ ጠየቀችኝ።

“አባቴ ናቸው” አልኳት፤ ዓይኔም ሳላስበው ወደ በሩ ሄደ።