የታሰሩ አሞሮችን ፍለጋ፤ ከታፈረ ጋር እስከ ገሳይ

ንጋት፣ ባሕር ዳር

አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ መናኸሪያ ደረስኩ። መንገዱ ክፍት መሆኑን ሦስት ሰው ጠየቅሁ። ሁለቱ «ክፍት ነው» አሉኝ፣ ሦስተኛው ሳቀብኝ። ሚኒባሱ እስኪሞላ ድረስ ሰላም ማታ የላከችልኝን መልእክት ደጋግሜ አነበብኩ። ሰላም የጓደኛዬ የታፈረ ልጅ ናት፤ አዲስ አበባ ትኖራለች። «ጋሼ፣ አባባን እስቲ ደህና አድርገው ይዩልኝ። ስልክ ላይ ሁሌ ደህና ነኝ ነው የሚለው። ብቻውን መኖር ካልቻለ መጥቼ እወስደዋለሁ።»

ታፈረ ሚስቱ ካረፈች ወዲህ ብቻውን ነው። ልጁ ና ባለችው ቁጥር «ከደብረ ታቦር የትም አልሄድም» ይላል። እዚያው ከተማ ሃያ ዓመት አብረን ባዮሎጂ ስላስተማርን ግትርነቱን አውቀዋለሁ።

እኔን የሚወስደኝ ግን ውድድራችን ነው። ዓመቱን ሙሉ ከቀድሞ ተማሪዎቻችን ወሬ እንለቃቅማለን፤ የማን ግቢ ንስር ታስሯል፣ ማን ቤት ጉጉት ተይዟል እያልን። በዓመት አንድ ቀን አብረን እንሄዳለን። ቀድሞ አይቶ ስሟን የጠራ ነጥቡን ይወስዳል። የተሸነፈው ደግሞ ለወፏ ሽማግሌ ሆኖ ባለቤቷን «ልቀቁልን» ብሎ ይለምናል። ሽማግሌ የመጣበት ሳይፈቀድለት አይቀመጥምና እኛም አንቀመጥም። አንድ ጊዜ አንድ ነጋዴ ደጅ ቆመን እግሬ አብጦ ጫማዬን በእጄ ይዤ ተመልሻለሁ።

ወረታ ላይ የሩዝ ማሳ፣ ጭቃ፣ የከብት መንጋ። ከዓለም በር በኋላ አቀበቱ ይጀምርና ብርዱ በመስኮቱ ይገባል። ከጎኔ የተቀመጡት ሴትዮ ነጠላቸውን ተከናንበው እስከ ደብረ ታቦር ተኙ።

ረፋድ፣ ደብረ ታቦር

ታፈረ መናኸሪያው በር ላይ ቆሟል። አንገቱ ላይ የድሮው አቅርቦ ማያ መነጽር፣ እጁ ላይ ጥቁር ጃንጥላ። ፊት ለፊቱ ሄጄ ብቆምም ዝም አለ። «ምነው ኮራህብኝ?» ስለው ነው «ውይ፣ አንተ ነህ!» ብሎ ያቀፈኝ። ከስቷል። የሸሚዙ ቁልፎች ተዛንፈው ተቆልፈዋል። የሴት እጅ የጎደለው ቤት እንዲህ ነው ብዬ አለፍኩት።

መጀመሪያ የሄድነው አምና ንስር ያየንበት ሆቴል ነው። አምና ለምነን ባለቤቱ «የእንግዳ መስህብ ናት» ብሎ እምቢ ብሎናል። የግቢውን በር እንዳለፍን ታፈረ ጃንጥላውን ወደ ሽቦው ቤት ቀስሮ ጮኸ።

«ንስር! አንድ ለዜሮ!»

ሽቦው ውስጥ አንድ የዛገ ጣሳና ጥቂት ላባ እንጂ ምንም የለም። ዘበኛው በሐዘኔታ አየን። «መምህር፣ እሷማ በክረምቱ ሞተች እኮ።»

እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ። «ባዶ ሽቦ አይተህ ንስር!» አልኩት። ታፈረ «ልማድ ነው» ብሎ ፊቱን አዞረ። ሳቄ ሲያበቃ ግን ያ ጣሳ ከዓይኔ አልጠፋ አለ። አምና አንድ ሰዓት እንኳ ጨምረን ብንቆም ኖሮ ይለቃት ነበር ይሆናል።

ቀትር፣ ጋፋት

ባጃጅ እስከ መንገዱ ጫፍ ወሰደን፤ የቀረውን በእግር። ገብሱ ታጭዶ ተከምሯል። ታፈረ «ወሬ አላለቀልኝም» እያለ ክንዴን ይዞ ነው የሚሄደው። አያ ደሴ የሚባሉ ገበሬ ግቢ ስንገባ ጫጩት የምትነጥቀው ጭላት አንድ እግሯ በገመድ ታስሮ ጉቶ ላይ ተቀምጣለች። «ጭላት!» አልኩ ወዲያው። ነጥቡ የኔ፣ ልመናው የታፈረ።

ታፈረ ጃንጥላውን እንደ ከዘራ ተደግፎ ቆመ። አያ ደሴ ወጡና «ኧረ ግቡ፣ ተቀመጡ» አሉ።

«አንቀመጥም፤ ለሽምግልና ነው የመጣን።»

«በሞቴ! ከማን ጋር ተጣላሁ?»

«ከዚች ከጭላቷ ጋር።»

አያ ደሴ ሳቁ። «መምህር፣ ስንት ጫጩት እንደፈጀችብኝ አንቱ አያውቁም። እሷን ካሰርኩ ወዲህ ሌሎቹ ፈርተው ዝር አላሉም።»

«በድላለች፤ ክሳለችም። ይማሯት።»

«እንግዲያ ዋስ ትጥራ።»

«ዋሷ እኔ ነኝ» አለ ታፈረ።

አያ ደሴ ገመዱን በማጭድ ቆረጡት። ጭላቷ መጀመሪያ መሬት ላይ ወደቀች፣ ከዚያ ተነሥታ በባሕር ዛፉ በኩል ወጣች። ቤተሰቡ ሁሉ አንጋጦ ወደ ባሕር ዛፉ ያያል፤ ታፈረ ብቻ ፈገግ ብሎ በተቃራኒው ወደ ገብስ ክምሩ አንጋጧል።

«ሰውዬ፣ ወዲያ ምን አለ? በዚህ ነው የሄደችው! በቃ አርጅተሃል!» አልኩ ጮክ ብዬ። ሁሉም ሳቁ። እሱም ሳቀ። «ፀሐይ ወግታኝ ነው» አለ።

ከሰዓት፣ ገሳይ

በሚኒባስ ወደ ምሥራቅ። ገሳይ መንገድ ዳር የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ በላን። የምንፈልጋት ሴት ትርንጎ ትባላለች። ዐረብ አገር ስምንት ዓመት ሠርታ የተመለሰች ናት፤ አሁን ትንሽ ሱቅ አላት። ጭልፊት አላት ብሎ የነገረን የድሮ ተማሪያችን ነው።

ወደ ጓዳዋ ስታስገባን ከፊት ታፈረ፣ ከኋላ እኔ። ጭልፊቷ በሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ናት፤ ዓይኗ በትንሽ የቆዳ ቆብ ተሸፍኗል። ከታፈረ ትከሻ አንድ ክንድ አትርቅም። አሁንስ ነጥቡን ይውሰድ ብዬ አፌን ያዝኩ። ታፈረ ኮቱ ላባዋን እየነካ አለፈ። ግድግዳውን ዳሰሰ፣ መደቡን አገኘ፣ ተቀመጠ።

ያኔ ሁሉም ነገር አንድ በአንድ መጣብኝ። መናኸሪያው፣ የሸሚዙ ቁልፍ፣ ባዶው ሽቦ፣ ክንዴን መያዙ፣ ገብስ ክምሩ። ጓደኛዬ አያይም። እኔ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ስስቅበት ነው የዋልኩት። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«ዝም አልክ» አለ ታፈረ ቀስ ብሎ። «አየሃት ማለት ነው። የት ናት?»

«በሩ ጋ። አልፈሃት ገባህ።»

«ዓይኗ ለምን እንደተሸፈነ አልገባዎትም መሰለኝ» አለች ትርንጎ፣ የፊቴን መለዋወጥ አይታ። «እዚያ ዐረብ አገር የነበርኩበት ቤት ጭልፊትን ሰቅር ነው የሚሏት። የሰቅሯ ክፍል ከኔ ክፍል ይሰፋ ነበር፤ ሥጋ የማቀርብላት እኔ ነበርኩ። ቆቡን ከዚያ ነው የተማርኩት፤ ይሄን ካረጀ ጫማ ቆርጬ ሰፋሁት። እንግዳ ሲመጣ ዓይኗ ካልተሸፈነ ትደነብራለች።»

«ጨለማው አያስፈራትም፣ ልጄ?» አለ ታፈረ።

«መጀመሪያ ትፈራለች፣ ጋሼ። ድምፄን እስክትለይ ነው። አሁን ስጠራት እጄ ላይ ትወጣለች።»

ታፈረ ተነሥቶ ጃንጥላውን ተደገፈ። የተሸነፈ ነውና መለመን አለበት። ትርንጎ ግን ቀደመችው። «ልቀቂያት ሊሉኝ ከሆነ ክንፏ የለም። የመብራት ሽቦ ነው የሰበራት። ብለቃት ውሻ ይበላታል።»

ወደ በሩ ዞረ። ከዚያ «እንግዲያስ ልመናዬ ሌላ ነው» አለ። «አትልቀቂያት። ድምፅሽን ከለየች ቤትሽ ትኑር።»

«እሺ፣ ጋሼ።»

ተቀመጠ። እኔ ወደ ውጭ ወጥቼ አለቀስኩ።

አመሻሽ፣ ደብረ ታቦር

በመልሱ መንገድ «ሰላም ናት የላከችህ፣ አይደል?» አለኝ። አልዋሸሁትም። የዓይን ሐኪም ከሁለት ዓመት በፊት ዓይኑ ተስፋ እንደሌለው ነግሮት ነበር፤ ለማንም አልተናገረም። «በልማድ እኖራለሁ ብዬ ነበር» አለ። «ባለፈው ሳምንት የገዛ ቤቴ በር ጠፍቶኝ ጎረቤት ነው ያስገባኝ። ደውልላትና ይመጣል በላት።»

ሰላም ስትለምነው የኖረችውን እሺ አለኝ፤ ደስ ግን አላለኝም።

በሩ ላይ ደርሰን ቁልፉን ሲፈልግ ድንገት ቀና አለ። «ጭላት!» አለ። እኔ ምንም አላየሁም። ከደቂቃ በኋላ ከቤቱ ክዳን ጀርባ አንዲት ጭላት እየጮኸች ወጣች።

«ቀደምኩህ» አለ። «የመጨረሻው ነጥብ የኔ ነው።» ቁልፉን በጣቱ እየዳሰሰ ከፍቶ ገባ።

ተሸንፌያለሁና መለመን የኔ ተራ ነው። ግቢው ውስጥ ቆሜ ለሰላም ደወልኩ፤ ሁሉንም ነገርኳት። ካለቀሰች በኋላ «ጋሼ፣ በጣም ደክመዋል፤ እስቲ አረፍ ይበሉና እናውራ» አለችኝ።

«አልቀመጥም፤ ለሽምግልና ነው የደወልኩት» አልኳት። «ወደ ውጭ የሚከፈት መስኮት ያለው ክፍል ስጪው።»

«አያይም እያሉኝ መስኮት ምን ያደርግለታል?»

«ይሰማበታል።»

እንደገና አለቀሰች። እግሬ ዝሏል፣ ብርዱም መጥቷል፤ አልተንቀሳቀስኩም። «እሺ» ስትለኝ ነው ደረጃው ላይ የተቀመጥኩት።