ማንም የማይኖርበት ቤት

ልያዶቭስክ ከተማ ናት የሚለው መንገድ ዳር የተተከለው ታፔላ ብቻ ነው። ድሮ ነጋዴዎቿ ለባቡር መሐንዲሶች ጉቦ ሰስተው ሐዲዱ በሩቅ አለፋት። በዘመኗ ሁሉ ጉቦ የነፈገችው ያኔ ብቻ ነው፤ እስከ ዛሬ ይቆጫታል። በቱርዛ ወንዝ ዳር የነበረው የተልባ ጨርቅ ፋብሪካ ሲዘጋ ደግሞ የቀራት ሥራ ባለሥልጣን መጠበቅ ሆነ።

ካፒቶሊና ዬጎሮቭና እዚያ ፋብሪካ ስትሸምን ያረጀች ናት። ጡረታዋ ከማገዶ አያልፍም። የሚያኖራት በየመጋቢቱ ቤቷ ውስጥ መስኮቷ ሥር፣ በተቆረጠ የወተት ካርቶን የምታፈላው የቲማቲም ችግኝ ነው፤ ግንቦት ላይ ገበያ ታወጣዋለች።

ዘንድሮ አገረ ገዢው ይመጣል ተባለ። ከንቲባው ቫዲም ፖሊካርፖቪች የዘመሙትን የእንጨት ቤቶች መጠገን ሞኝነት መሰለውና የሚያምር ቤት የታተመበት ሸራ አለበሳቸው። የካፒቶሊና መስኮት ተሸፈነ። በምትኩ ሸራው ላይ መስኮት፣ መጋረጃ፣ ድመት ሳይቀር ሰጣት።

«ቫዲም፣ ችግኜ ፀሐይ ይፈልጋል እኮ!»

«ትንሽ ይታገሱ፣ ካፒቶሊና ዬጎሮቭና። ለከተማችን ክብር ነው።»

«ክብሩን አንተ ብላው! እኔ የምበላው ቲማቲም ነው።»

ችግኙ ነጣ፣ አንገቱን ደፋ። ካፒቶሊና መቀስ ይዛ ወደ ውጭ ወጣችና ሸራውን በመስኮቷ ልክ ቀደደችው። ጎረቤቷ አንፊሳ የራሷ ችግኝ ጨለማ ውስጥ እየሞተ፣ «ኧረ አንቺ ሴትዮ፣ መዘዝሽ ለእኛም ይተርፋል!» ብላ ጮኸችባት። እንዲህ ያለ ሕዝብ ነው።

ገዢው መጣ። ቀዳዳው ፊት መኪናውን አስቆመና ወርዶ ጠየቀ፤ «እዚህ ማን ይኖራል?»

ቫዲም ቀዳዳውን በጀርባው ሊከልል ሞከረ። «ማንም፣ ክቡርነትዎ። ባዶ ቤት ነው።»

«ባዶ ከሆነ ምን ይሠራል? አፍርሱትና መኪና ማቆሚያ አድርጉት።»

«እሺ፣ ክቡርነትዎ! ዛሬውኑ ትእዛዙ ይወጣል።»

ካፒቶሊና ከችግኞቿ ኋላ ሆና ሁሉንም ሰማች። መስኮቱ በእርጥበት አብጦ ስለነበር እየታገለች እስክትከፍተው ገዢው መኪናው ውስጥ ገብቷል።

«ቫዲም! ጥራው እንጂ! ሰው አለ በለው!»

ቫዲም የሚርቀውን መኪና እያየ ጎንበስ እንዳለ ነበር። ቀና ሲል ፊቱ ላይ እፍረት አልነበረም፤ የተበደለ ሰው ቁጣ ነበር።

«ካፒቶሊና ዬጎሮቭና፣ ምን ነካዎት? ባዶ ነው ብያቸዋለሁ። አሁን ሰው አለበት ብዬ ውሸታም ልባል?»