ፈቃዱ ታድሷል ወይ?

እናቴ ሰው የምትመዝነው በለቅሶ ነው። ቧንቧ ሠሪም ይሁን ቀለም ቀቢ፣ ወደ ቤቷ ከመግባቱ በፊት የምትጠይቀው ስለ ሙያው አይደለም። የማን ልጅ ነው? የማንን ቤት ሠራ? የዚያ ቤት ሰው ሲሞትስ ለቅሶ ደርሷል? የመጨረሻዋን ጥያቄ ያላለፈ ደጃፏን አይረግጥም። «ለቅሶ የማይደርስ ሰው ሽቦ አያጠብቅም» ትላለች። እኔ ደግሞ ወረቀት ካላየሁ የማላምን ሰው ነኝ። አምስት ኪሎ ያለው ቢሮዬ ውስጥ የምውለው የሰው ማስረጃ ከዋናው ጋር ሳመሳክር ነው፤ ታክሲ ስሳፈር እንኳ የሾፌሩን መንጃ ፈቃድ ብጠይቅ ደስ ይለኛል። በዚህ ጠባዬ ከእናቴ ጋር ሳንነታረክ የዋልንበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ፒያሳ ጀርባ ያለው ቤታችን ወለሉ ጣውላ፣ ኮርኒሱ አቡጀዴ የሆነ አሮጌ ቤት ነው። የኤሌክትሪክ ሽቦው በጨርቅ የተጠቀለለ፣ አባቴ ቤቱን ሲገዛ እንኳ ያረጀ ነበር። አንድ ጧት ከቫልቮላው በኩል የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተ። ግድግዳውን በእጄ ብነካው ይሞቃል። ታላቅ ወንድሜ መጥቶ አየና እዚያው ቆሞ ፈረደ።

«ወይ ሽቦው በሙሉ ፈቃድ ባለው ባለሙያ ይቀየራል፣ ወይ እማዬ ከረመዳን በፊት እኔ ጋ ትገባለች።»

እሱ ጋ ማለት ከተማው ዳር ያለ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ነው። የእናቴ ጉልበት የራሷን በረንዳ ደረጃ እንኳ አማርሮ ነው የሚወጣው። «እኔ ከዚህ ቤት የምወጣው በቃሬዛ ነው» አለች። ወንድሜ ክፉ ሆኖ አይደለም፣ ፈርቶ ነው። እኔም ፈርቼ ነበር። ግን እዚያ ከወጣች እንደማትወርድ፣ መስኮት ላይ ተቀምጣ ሰው ስትጠብቅ እንደምትውል ሦስታችንም እናውቃለን።

ዱሮ ቢሆን በር ላይ ወጥታ አንዴ መጣራት ይበቃት ነበር። አጠገባችን የነበረው ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ፈርሶ ከተነሣ ወዲህ ግን የምትጠይቃቸው ሰዎች በከተማው ዳር ዳር ተበትነዋል። የዱሮው ኤሌክትሪክ ሠራተኛችንም ዓይኑ ደክሞ መሰላል መውጣት ትቷል። ስለዚህ እናቴ ስልክ ያዘች። ስለ ባለሙያ ልትጠይቅ ትደውልና ስለ ልጆች፣ ስለ ውሃ፣ ስለ ጉልበት አውርታ ትዘጋለች። «ውይ፣ ኤሌክትሪኩን ረሳሁት!» ብላ እየሳቀች እንደገና ትደውላለች። እንደዚያ ስትስቅ ካየኋት ቆይቼ ስለነበር ተውኳት።

ከዚያ ሁሉ ስልክ አንድ ሰው ተገኘ፤ የቀድሞ ጎረቤታችን የእህት ልጅ። መጣ፣ ግድግዳውን በጣቱ ኳ ኳ አደረገና «ቀላል ነው» አለ። እናቴ ሻይ አቀረበችለት። ገና አንድ ጊዜ ፉት እንዳለ፣ የንግድ ፈቃዱንና የሙያ ብቃት ማረጋገጫውን እንዲያሳየኝ ጠየቅሁት። እናቴ ሻሿን ዓይኗ ላይ ሳበች።

«ፈቃዴ እጄ ነው፣ እህቴ» አለኝ።

«እጅህን የትኛው ቢሮ ነው የሚያድስልህ?»

ሻዩን ጨርሶ ሄደ፣ አልተመለሰም። «ሻይ እየጠጣ ያለ እንግዳ የሚፈትሽ ፖሊስ ነው የወለድኩት» አለች እናቴ፣ እስከ ማታም አላናገረችኝ።

ተራው የኔ ሆነ። ፈቃድ ማጣራት ለማያውቀው ከባድ ይመስላል እንጂ አይደለም። ነጋዴ ሁሉ ፈቃዱን ሰው በሚያየው ቦታ መስቀል አለበት። ቁጥሩን ወስዶ የንግድ መዝገቡ ድረ ገጽ ላይ ማስገባት ነው፤ የባለፈቃዱ ስም፣ የሥራ መስኩ፣ ለዘመኑ መታደስ አለመታደሱ ይወጣል። በምሳ ሰዓቴ የፒያሳን ሱቆች እየገባሁ ግድግዳ ማንበብ ጀመርኩ። የአንዱ ጊዜው አልፎበታል። የአንዱ ቁጥር ሲገባ የሴቶች ልብስ መሸጫ ሆኖ ይወጣል። አንዱ ደግሞ ፎቶ ሳነሣ አይቶ «ከገቢዎች ነሽ?» አለና ማኪያቶ አዘዘልኝ። ጠጣሁለት።

በመጨረሻ አንዲት ጠባብ ሱቅ አገኘሁ። ከባንኮኒው ኋላ በመስታወት የተቀመጠ ፈቃድ ተሰቅሏል። ሠላሳ ዓመት ገደማ የሚሆነው ወጣት በትሕትና ፎቶ አስነሣኝ። ቁጥሩን እዚያው በሩ ላይ ቆሜ አስገባሁት፦ የኤሌክትሪክ ዝርጋታ፣ ለዘንድሮ የታደሰ። የማወጣለት እንከን አጣሁ፤ ፎቶው ላይ ያለውን ሰው አሠሪው ነው ብዬ አለፍኩ። ደስ ብሎኝ በግማሽ ሩጫ ቤት ገባሁና ስልኬን ለእናቴ ሰጠኋት። መነጽሯን አደረገች፣ ፈቃዱ ላይ ያለችውን ጉርድ ፎቶ በጣቶቿ አሰፋቻት።

«ይሄ ሰውዬማ ሞቷል» አለች።

«እማዬ፣ ለዘንድሮ ታድሷል እኮ!»

«ይታደስ። እኔ ለቅሶው ላይ ሦስት ቀን ተቀምጫለሁ። ሚስቱ የዕቁቤ ናት፣ ሱቁም ዶሮ ማነቂያ አፋፉ ላይ ነበር። ነፍሱን ይማረውና፣ በሰው ለቅሶ ሁሉ ድንኳን ውስጥ አምፖል የሚዘረጋው እሱ ነበር። በሱ ቀን ልጁ ነው የዘረጋው፣ እያለቀሰ።»

መዝገቡ በሥራ ላይ ነው የሚለውን ሰው እናቴ ሸኝታዋለች። መጀመሪያ ሳቄ መጣ፣ ወዲያው ንዴቴ ተከተለ።

በማግሥቱ ሱቁ ሄጄ ወጣቱ ላይ ጮኽኩበት። የሞተ ሰው ፈቃድ ይታደሳል ወይ አልኩት። አልተከራከረኝም። አባቱ በሕይወት ሳለ በሰጠው ውክልና እያሳደሰው እንደቆየ ነገረኝና መሳቢያውን ከፍቶ የራሱን የሙያ ብቃት ማረጋገጫ አወጣ። ከተፈተነና ካለፈ ቆይቷል።

«በራሴ ስም ለማውጣት መጀመሪያ የአባዬን መመለስ አለብኝ» አለ። «ቢሮው በር ድረስ እየሄድኩ ተመልሻለሁ። ሲሰርዙት ማየት አቃተኝ።»

አሳዘነኝ። ግን እናቴ በሙት ፈቃድ በተዘረጋ ሽቦ ሥር እንድትተኛ አልፈቅድም፤ ወንድሜም አይፈቅድም፣ ረመዳንም እየቀረበ ነው። ሁሉንም ለእናቴ ነገርኳት። «ጥሪልኝ» አለች።

መጣ፤ ጎንበስ ብሎ ሰላም አላት። አጠገቧ አስቀመጠችው።

«አንተ አታውቀኝም፣ እኔ ግን አውቅሃለሁ። አባትህን እኛ ቀብረነዋል፣ ልጄ። አንተ እስከ ዛሬ ባንኮኒ ላይ አቁመህ ግብር ታስከፍለዋለህ። አይደክመውም?»

ወጣቱ አንገቱን ደፋ። «እርስዎ ቢሆኑ ያወርዱታል፣ እማማ?»

«ፎቶውን አላወርድም። ፈቃዱን አወርዳለሁ። ፎቶው ያንተ ነው፣ ፈቃዱ የመንግሥት ነው።»

ጥቂት ቀን ቆይቶ ደወለልኝ። የምሳ ሰዓቴን ሰጥቼው ቢሮው አብሬው ተሰለፍኩ። ያለ አግባብ ስላሳደሰው ቅጣት ከፈለ። ሠራተኛዋ የአባቱን የሞት ማስረጃ አየችና «ነፍስ ይማር» አለች። ከመሰረዟ በፊት ቀና ብላ «ኮፒ ላድርግልህ?» ብላ ጠየቀችው። ራሱን በእሺታ ነቀነቀላት። ሰነድ ሲሰረዝ እንባዬ የመጣው በዕድሜዬ ያን ቀን ብቻ ነው።

አዲሱ ፈቃድ ሲወጣ እኔ ቁጥሩን አስገብቼ አየሁ፣ እናቴም በበኩሏ ደወለች። የማንን ቤት እንደሠራ ነገሯት፤ ለቅሶም ይደርሳል ተባለ። ረመዳን ሳይገባ ሽቦው በሙሉ ተቀየረ። ወንድሜ መጥቶ ግድግዳውን በመዳፉ ዳሰሰ፣ የፈቃዱን ቁጥር ራሱ አስገብቶ አረጋገጠ፤ የአንድ እናት ልጆች ነን። ከዚያ «እሺ» አለ። እናቴ ቤቷ ቀረች።

ያን ቀን ወጣቱን ሸኝታ ተመለሰችና መብራቱን አብርታ፣ አጥፍታ፣ መልሳ አብርታ ተቀመጠች።

«የኔ ለቅሶ ላይ ድንኳኑ ውስጥ መብራት የሚያስገባው እሱ ነው» አለች። «ያን ቀን ደግሞ በሩ ላይ ቆመሽ ፈቃድ እንዳትጠይቂው።»

«እጠይቀዋለሁ» አልኳት። «ካልታደሰ መሞት የለም።»

ከዚያ ወዲህ የማሳደሻው ጊዜ በመጣ ቁጥር ቁጥሩን አስገብቼ አያለሁ። ልጁ ጠንቃቃ ነው፣ ዘንድሮም ከሰው ቀድሞ ነው ያሳደሰው። አሁን አልጋ ላይ የዋለችው እናቴ ስልኬን በዓይኗ ትከተልና «ምን ይላል? ታድሷል ወይ?» ትለኛለች።

«ገና ነው» እላታለሁ።

«እንግዲህ ልጠብቅ» ትላለች።