በፋሲካው በግ ሞራ ላይ ያየነው

ዩኒቨርሲቲ በገባሁ በመጀመሪያው ዓመት የማልስቅበት ነገር አልነበረም። ፈረንጁ የሥነ ልቦና መምህራችን፣ ከምናውቀው ልባችን ሥር የማናውቀው ሌላ ልብ አለ፣ ህልማችንም የተደበቀ ምኞታችንም ከዚያ ነው የሚመጣው ብለውናል። አንድ ቀን ወረቀት ላይ ቀለም አፍስሰው ለሁለት አጠፉት፣ መልሰው ከፈቱትና «ምን ይታያችኋል?» አሉን። አንዱ የሌሊት ወፍ አየ፣ አንዱ እናቱን። ያያችሁት ወረቀቱ ላይ ያለውን ሳይሆን እናንተው ውስጥ ያለውን ነው አሉ። እኔም ይህችኑ ይዤ፣ ከእኔ ወዲያ ምሁር ላሳር እያልኩ ለፋሲካ ሱሉልታ ገባሁ።

ቤት ጉድ ጠበቀኝ። ቡራዩ የሚያስተምር አንድ ወጣት ሽማግሌ ልኮብኛል። አባቴ በጎጃም መንገድ ዳር ጨውና አቡጀዲ የሚሸጥ ነጋዴ ነበር፤ ሽማግሌዎቹን «ከበዓሉ በኋላ መልስ እሰጣችኋለሁ» ብሎ ሸኝቷቸዋል። ሞቼ ነው ቆሜ አልኩ። ትምህርቴን ትቼ ቡራዩ ወጥ ላማስል? ሳምንቱን ሙሉ እንቢ አልኩ፤ አባቴም «ጨዋ ልጅ ነው፣ ሴት ልጅ በጊዜዋ ነው የምትዳረው» እያለ ሲነዘንዘኝ ሰነበተ። እናቴ መሃል ገብታ መገላገል ታከታት። በመጨረሻ አባቴ «እንግዲህ ሞራው ይፍረደን» አለ።

በግ ሲታረድ ሆድ ዕቃውን የሚሸፍነውን ስስ ስብ አይተው የሚመጣውን የሚናገሩ አዛውንት ጎረቤት ነበሩን። መንደርተኛው ሁሉ «ኦቦ» ነበር የሚላቸው። አባቴ የቤተ ክርስቲያን ሰው ስለሆነ፣ የንስሐ አባቱ እንዳይሰሙ ሞራውን አጥር ጥግ ወስዶ ነው የሚያስነብባቸው። ኦቦ በአማርኛ ጀምረው በኦሮምኛ የሚጨርሱ፣ ጨዋታ አዋቂ ሰው ነበሩ። ዓይናቸው ግን ከደከመ ቆይቷል። ሥራውን መተው ስላልሆነላቸው ዘዴ አበጁለት፤ ሞራውን ወደ ፀሐይ ዘርግተው ይይዙና ባለጉዳዩን ራሱን «ምን ይታይሃል?» ይሉታል። እሱ ያየውን ሲናገር እሳቸው ይፈቱለታል። መንደሩ ይህን ያውቃል፣ ቅር ያለው ሰው ግን አልነበረም።

ያን ጠዋት ይህን ሲያደርጉ ሳይ ክው አልኩ። የመምህሬ ወረቀት እኮ ነው። ሳቄን አፍኜ ቆምኩ።

«እስቲ፣ ምን ይታይሃል?» አሉት አባቴን።

አባቴ አንገቱን አስግጎ አየ። «ቤት ነው» አለ። «በሩ ተዘግቷል።»

«ልጅቱስ?»

«ውስጥ ናት። ሁላችንም ውስጥ ነን።»

ኦቦ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺስ፣ ኢንተላ ኮ፣ ምን ይታይሻል ልጄ?»

ስብ ነው የሚታየኝ ልላቸው ተዘጋጅቼ ነበር። አፌ ቀደመኝ። «ሰው» አልኩ። «ረጅም ሰው፣ ጎንበስ ብሎ በር ሲገባ።»

እናቴ ሳቋ አመለጣት፤ በነጠላዋ አፏን ያዘች። የቡራዩው ልጅ ቁመቱ ለጉድ ነው። አንዴ ዘመድ ሠርግ ላይ ዳስ ሲገባ እንዲያ ጎንበስ ሲል አይቼዋለሁ፤ ከዚያ ወዲህ አስቤውም የማውቅ አይመስለኝም ነበር። ፊቴ በእፍረት ጋለ። መምህሬ እዚያ ቢኖሩ ለአባትና ለልጅ እኩል ማርክ ይሰጡን ነበር።

«እኔ ምኑን ልፍታው?» አሉ ኦቦ። «አንተ እድራለሁ ትላለህ፣ በር ትዘጋለህ። እሷ አላገባም ትላለች፣ ሰው ታስገባለች።» ሞራውን ለእናቴ አቀበሉና ዱለቱ ደርሶ እንደሆነ ጠይቀው ተከትለዋት ገቡ።

እኔና አባቴ አጥሩ ጥግ ቀረን። ለመተያየት አፈርን።

«አንቺ ሆዬ፣ ልጁን ወደሽዋል እንዴ?» አለኝ።

«እኔ እንጃ። አንተስ፣ ልትድረኝ አልነበር?»

«ሰው ምን ይለኛል ብዬ ነው እንጂ» አለ መሬት መሬቱን እያየ። «እንቢ ባልሽ ቁጥር ደስ ይለኝ ነበር። ደስ እያለኝ ነው የምቆጣሽ።»

አንጀቴን በላው። እጁን ያዝኩት፤ ከልጅነቴ ወዲህ ይዤው አላውቅም።

«ትምህርቱ ስንት ዓመት ቀረሽ?»

«ሦስት።»

«ጨርሺው። ልጁም ይጠብቅ» አለና ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔም እስከዚያ መለየቱን እለማመደዋለሁ።»