ለገበሬ የተሰጠው ምክትል ፕሬዚዳንት

ልጄ አምስተኛ ክፍል ሳለች አስተማሪዋ ለእያንዳንዱ ተማሪ አጥንቶ ክፍል ውስጥ የሚያቀርበው አንድ የድሮ ባለሥልጣን ሰጠች። ለልጄ የደረሳት ከመቶ ሃምሳ ዓመት በፊት የነበረ የአሜሪካ ምክትል ፕሬዚዳንት ነው። ፎቶውን ትልቅ ካርቶን ላይ ለጥፋ እዚህ አሜሪካ ኖርዝጌት በሚባል ሰፈር ባለው አፓርታማችን ሳሎን አቆመችው።

ቅዳሜ ከሰዓት ሽንኩርት ስከትፍ፣ "ማሚ፣ ፕራክቲስ ላድርግ፣ ስሚኝ" አለችኝ።

ሰውየው ድሃ ቤት ተወለደ። አሥር ዓመት ሲሆነው ወላጆቹ ለአንድ ገበሬ ሰጡት፣ ሃያ አንድ ዓመት እስኪሞላው ሊያገለግል። የሚማረው በዓመት አንድ ወር ብቻ ነበር። ጊዜውን ጨርሶ ሲወጣ አባቱ ያወጣለትን ስም ጣለና ሌላ ስም ያዘ። ጫማ ሰፋ፤ ባርነትን ተቃወመ፤ ሴናተር፣ ኋላም ምክትል ፕሬዚዳንት ሆነ። ሥልጣን ላይ እያለ እዚያው ምክር ቤቱ ሕንፃ ውስጥ ሞተ።

"እናቱስ?" አልኳት።

"ስለ እሷ ምንም የለም።"

ሁለተኛ አስነበብኳት። እውነትም የለም።

"ማሚ፣ አንቺ ትሰጪኝ ነበር?"

"ሂጂ፣ እጅሽን ታጠቢ" አልኳት። ከሰጠኋት ሳምንት ሆኖኝ ነበር።

እዚሁ አቅራቢያ ዴ ሞይን በምትባል ከተማ የሚኖሩት የባለቤቴ ታላቅ እህት ልጅ የላቸውም። ክርስትና ቤት፣ ሽማግሌዎች በተቀመጡበት፣ "አንቺ ቀኑን ሙሉ ሥራ ነሽ፣ ልጅቷ ብቻዋን ናት። ስጪኝ፣ ላሳድግልሽ" አሉኝ። ታላቅን ሰው ፊት እምቢ ማለት አልተማርኩም። "እሺ እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ" አልኩ። በማግስቱ አልጋ ገዝተው ደወሉ። ለልጄ መንገር አቃተኝ።

እኔም በሰባት ዓመቴ ትማር ተብዬ ለአክስቴ ተሰጥቻለሁ። ሦስተኛ ክፍል ስደርስ አክስቴ ወለደችና ሕፃን አዛይ ሆኜ ቀረሁ። እናቴ ልትጠይቀኝ ስትመጣ ጓዳ ገብቼ አልወጣም አልኩ። ስሜን እየጠራች ለመነችኝ። አቤት ሳልላት ሄደች።

ከዚያ ቅዳሜ ወዲያ ሳሎን ባለፍኩ ቁጥር የሰውየው ዓይን ይከተለኝ ጀመር። ካርቶኑን ወደ ግድግዳ አዞርኩት። ልጄ መልሳ ገለበጠችው። ሳህን ሳጥብ እንኳ ከኋላዬ ቆሞ የሚያየኝ ይመስለኝ ነበር። የሚታየኝ ግን ምክትል ፕሬዚዳንቱ አልነበረም፤ ልብሱን ጠቅልሎ በገበሬው ደጅ የቆመው የአሥር ዓመት ልጅ ነው።

በቀጣዩ ሳምንት እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እትዬ ሊወስዷት ከታች መኪናቸውን ፓርክ አድርገው መጡ።

"ሻንጣዋስ?"

"እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ። አልሰጥም።"

"ምን? ሰው ሁሉ እየሰማ እሺ አላልሽም? ልበላት ነው እንዴ!"

"ኧረ አይደለም፣ እትዬ።"

"ታዲያ ያን ዕለት አፍሽን ምን ያዘው?"

"ፈራሁዎት።"

"እኔን ፈርተሽ ልጅሽን ሰጠሽኝ?" አሉኝ፤ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ። ከዚያ ወዲህ ቤታችን አልመጡም።

ልጄ ዛሬ ሃይስኩል ናት። በእረፍት ሰዓቴ ከሥራ ቦታ ኮል አደርግና "አለሽ?" እላታለሁ።

"አለሁ፣ ማሚ። ምን ሆነሻል?"

ምንም አልሆንኩም እላታለሁ።