ወረቀቱ ላይ ያልሰፈረ ውኃ

እማማ በረኪና ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የሰው አንሶላ ስታጥብ ኖራለች። ትሠራበት የነበረው ሆቴል አርባ ሁለት ክፍል ነበረው፤ ከአርባ ሁለቱም ክፍል በየማለዳው የሚወርደውን ጨርቅ ምድር ቤት ሆና የምትቀበለው እሷ ነበረች። አንሶላ ብዙ ይናገራል። ማን ታሞ እንዳደረ፣ ማን ሰክሮ እንዳስመለሰ፣ የትኛው ትልቅ ሰው እንደ ሕፃን አልጋው ላይ እንዳመለጠው ሁሉንም ታውቃለች። ሴቶቹ «የሃያ ሦስት ቁጥሩ ሰውዬ ምን ሆኖ ነው?» ብለው ሲጎነትሏት «ጨርቅ ነው፤ ጨርቅ ደግሞ ይታጠባል» ትልና ገንዳው ውስጥ ትነክረዋለች። በረኪና የሚለውን ስም ያወጡላት እነሱ ናቸው። እጇ ሁልጊዜ በረኪና በረኪና ስለሚል ብቻ አይደለም፤ የሰው ነውር እሷ ዘንድ ከደረሰ ድራሹ ስለሚጠፋ ነው።

የራሷ ገመና የወጣ ዕለት ምን እንደሚውጣት ግን ልቧ እስኪደክም ድረስ አስባው አታውቅም።

ድካሙ ከእግሯ ጀመረ። መጀመሪያ ጫማዋ ጠበባት። ቀጥሎ ቁርጭምጭሚቷን በጣቷ ስትጫነው ሊጥ ይመስል ጎድጉዶ ይቀር ጀመር። ከዚያ ወዲያ ጋደም ስትል ትንፋሽ እያጠራት ሦስት ትራስ ደረበች፤ በመጨረሻም ወንበር ላይ ተቀምጣ ማሸለብ ያዘች። ያላት አንድ ልጅ ነው፤ አናጢ ነው። አራት ደረጃ ለመውጣት ሁለቴ ቆማ ስታለከልክ አያትና «እማዬ፣ ይሄ እርጅና አይደለም» ብሎ ክንዷን ይዞ ሆስፒታል አስገባት።

የተቀበላቸው ሐኪም ወጣት ነው። ሲናገር ይቸኩላል እንጂ ነገር አያድበሰብስም።

«እማማ፣ ልብዎ ደክሟል። ደሙን በደንብ አልገፋ ሲል ውኃው ሳንባዎ ላይና እግርዎ ላይ ይተኛል። በደም ሥር የሚያሸና መድኃኒት እንሰጥዎታለን። መድኃኒቱ ሥራውን የሚሠራው በኩላሊትዎ በኩል ነው። ኩላሊትዎ ይታዘዘዋል ወይስ እምቢ ይለዋል? ይህን የሚነግረን የሚወጣው ሽንት ነው።» ከዚያ ወደ አናጢው ዞረ። «ነርሷ አንድ፣ አልጋው ሃያ ነው። ስለዚህ የምትለካው አንተ ነህ። በየቀኑ ብንመዝናቸው ጥሩ ነበር፤ ሚዛኑ ግን ለጥገና ከሄደ ሳምንት ሆነው። ያለን ይህ ባለ መስመር ጆግና ይቺ ወረቀት ብቻ ናቸው። አንዲት ጠብታ እንዳታመልጥህ።»

ለአናጢ እንዲህ ያለ ትእዛዝ መስጠት ለዓሣ ዋኝ እንደማለት ነው። ልጁ ልኬት ይወዳል። የመጀመሪያው መርፌ ተሰጥቷት ብዙም ሳይቆይ መጋረጃው ተጋረደ፤ እሷ ጆጉ ውስጥ ሸናች፤ እሱ ተቀበላት። መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጠው። ተንበረከከና አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ጣውላ መቅናቱን እንደሚያይ ሰው፣ ዓይኑን ከመስመሩ ጋር አስተካከለ። ብርሃኑ በቢጫው ውኃ ውስጥ አልፎ ጉንጩ ላይ አረፈ።

«ሦስት መቶ አርባ ሚሊ ሊትር» አለ ጮክ ብሎ፣ ከጆሮው ላይ እርሳሱን እየመዘዘ።

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። ይህን ልጅ ስንቴ አጥባዋለች፤ የሱን ጨርቅ ማን ቆጥሮት። ያ ግን የእናት ወግ ነው። ይሄኛው የተገላቢጦሽ ሆነባት። የባሰው ደግሞ ሊደፋ ሲወጣ መጣ። በሩ ላይ ሁለት ጠያቂ ኮረዶች አገኙት፤ ጆጉን ሲያዩ አፍንጫቸውን ይዘው ግድግዳ ተጠጉ። እሱ በሌላው እጁ ሰላም አላቸው፤ ምንም አልመሰለውም። እሷን ግን አሸማቀቃት። እስካሁን ሚስት ያላገባ፣ ንጹሕ ሸሚዝ የለበሰ ልጇ የእናቱን ሽንት ተሸክሞ ለሴት ልጅ ሰላምታ ሲሰጥ አየች።

በማግሥቱ መደበቅ ጀመረች።

ነገሩ ከባድ አልነበረም። ልጇ ማለዳ አንድ ሰዓት ሳይሆን አይመጣም፤ እሷ ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ግድግዳ ግድግዳውን ይዛ እስከ ኮሪደሩ ጫፍ ትሄዳለች። ሻይ ሊጠጣ ሲወርድ ትሄዳለች። ሸሚዙን ሊቀይር ቤት ደርሶ ሲመለስም ሄዳ ትጠብቀዋለች። ሲመጣ ታዲያ እንዳይጠረጥር ለጆጉ ትንሽ ታስቀርለታለች። «መቶ ሠላሳ» ይላል፣ ተንበርክኮ። «ዘጠና።» ድምፁ በየጊዜው እየቀነሰ ሄደ፤ እሷ ግን አፍሮ ነው እንጂ ፈርቶ ነው ብላ አላሰበችም።

ያየቻት አንዲት ሰው ብቻ ናት። አጠገቧ ያለው አልጋ ላይ የተኛችው አትክልት ቸርቻሪ እንደሷው ልቧ የደከመ፣ ምላሷ ግን ያልደከመ ሴት ነበረች።

«አንቺ ሴትዮ» አለቻት በሦስተኛው ቀን፣ «እዚያ ሽንት ቤት የተቀጣጠርሽው ሰው አለ እንዴ? ስትመላለሺ ኮሪደሩን ጨረስሽው እኮ።»

«ሆዴን ቁርጠት ይዞኝ ነው።»

«ይሁንልሽ። እኔ እንኳ ቁርጠት እንደዚህ ሰዓት ሲያከብር አይቼ አላውቅም።»

ወረቀቱ በቀን አራት መቶ፣ አራት መቶ ሃያ ማለት ጀመረ። ሐኪሙ አይቶ ግንባሩን ቋጠረና መርፌውን እጥፍ አደረገው። በማግሥቱም ያው ሆነበት፤ እንክብል ጨመረበት። ኩላሊቷ ግን ከመጀመሪያውም እምቢ አላለም ነበር። ስለዚህ ውኃው እንደ ጉድ ወረደ። በአራተኛው ቀን ከአልጋ ስትነሳ ዓይኗ ላይ ጨለማ ይዞርባት ጀመር። ምላሷ ከላንቃዋ ይጣበቃል። ባቷን ጅማት ሲይዛት ትራሷን ትነክሳለች። የእግሯ እብጠት ሟሟ፤ እሷም «ተሻለኝ መሰለኝ» አለች፤ ለራሷ እንኳ አልመስል አላት።

በአምስተኛው ቀን ሐኪሙ ከሁለት ተማሪዎቹ ጋር አልጋዋ ግርጌ ቆመ። የደም ምርመራው ውጤት በእጁ ነው።

«ኩላሊታቸው እየደከመ ነው» አለ። «ይህ በሁለት ምክንያት ይሆናል። አንደኛው፣ ውኃው አልወጣ ብሎ ኩላሊቱን አፍኖት ነው፤ ያኔ መድኃኒቱን መጨመር፣ ካልሆነም በማሽን ማጣራት ነው። ሁለተኛው፣ ውኃው ከልክ በላይ ወጥቶ ኩላሊቱ ደርቆ ነው፤ ያኔ መድኃኒቱን ማቆም ነው። መንገዶቹ ተቃራኒ ናቸው፤ ከተሳሳትን ኩላሊቱን በእጃችን ነው የምንገድለው። እግራቸውን ሳይ ሁለተኛው ይመስለኛል። ወረቀቱ ግን አንደኛው ነው ይላል።» ቀና ብሎ አናጢውን አየው። «አንተ በትክክል እየለካህ ነው?»

«አንዲት ጠብታ አልዘለልኩም።»

«ሻይ ቤት ተቀምጠህ ያመለጠህ የለም?»

«የለም ዶክተር። እናቴ ትሙ...» አለና ዓይኑ አልጋው ላይ አረፈ። ቀሪውን ቃል ዋጠው።

ከወዲያ አልጋ አንድ ሰው ሳቅ አመለጠው። ሐኪሙ አልሳቀም። «ተጠንቀቅ» አለው፣ «በዚህ አያያዝህ መሐላህ ሊደርስ ነው።»

የክፍሉ ስምንት አልጋ፣ ስምንት አስታማሚ፣ ሁለት ተማሪ ሰማ። ልጇ ራሱን ደፋ። እሷ ያን ጊዜ መናገር ነበረባት፤ አፏ ድረስ መጥቶ ነበር። ነገር ግን ሁሉም ሰው ወደ እሷ አልጋ እያየ ነው፤ ስለዚህ የብርድ ልብሱን ጠርዝ ማስተካከል ጀመረች። ለማስተካከል ብዙ ጊዜ ወሰደባት። ቀና ስትል ሐኪሙ ወረቀቱን አምኖ ሄዷል። አራት ሰዓት ላይ ትልቁ መርፌ እንዲሰጣት፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የማጣሪያ ማሽን ወዳለበት ሌላ ሆስፒታል እንድትዛወር ታዟል። ልጇ ወረቀቱን ማኅተም ሊያስመታና መኪና ሊፈልግ ወጣ። ሲወጣ አላያትም።

«የገዛ ልጅሽ ሲሰደብ ሰምተሽ የብርድ ልብስ ታስተካክያለሽ» አለች አትክልት ቸርቻሪዋ፣ ቀስ ብላ፣ ጣሪያውን እያየች።



«ስሚኝ። ያቺ መርፌ ስትመጣ አንቺ ዝም ካልሽ እኔ እናገራለሁ። ምስጢር እጠብቃለሁ፤ አስከሬን ግን አልጠብቅም።»

አራት ሰዓት ሊሆን ትንሽ ሲቀረው ነርሷ መርፌውን ይዛ መጣች። የእማማ በረኪናን አንድ ክንድ ስባ ልትወጋ ስትል የአሮጊቷ ሌላው እጅ መጥቶ ክንዱን ሸፈነው።

«ሲስተር፣ ቆዪ።»

«አመመዎት እማማ?»

«አላመመኝም። ሽንቴን ስደፋው ነው የሰነበትኩት።» ድምጿ ከራሷ ጆሮ እንኳ የራቀ ነበር። «ልጄ አያውቅም።»

ሐኪሙ ተጠርቶ መጣ፤ መጋረጃውን ጋርዶ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻላት ነበር።

«በቀን ስንት ይሆናል የደፉት?»

«በበረኪና ጠርሙስ ብነግርህ ይገባሃል፣ ልጄ? እሱን ነው የማውቀው።»

«ባለ አንድ ሊትሩ?»

«አዎ። ሦስት ጠርሙስ። ትናንት አራት ሳይሞላ አይቀርም።»

ሐኪሙ መርፌውን ከነርሷ እጅ ወስዶ ትሪው ላይ አስቀመጠ። «ሁለተኛው ነው» አለ ለራሱ። መድኃኒቱ እንዲቆም፣ ውኃ እንድትጠጣ፣ ዝውውሩም እንዲሰረዝ አዘዘ። ሊነሳ ሲል ግን ተመልሶ «ለምን እማማ?» አላት።

«የሚይዘው ልጄ ነዋ።»

«እኔ ልንገረው?»

«አይሆንም። እኔ ነኝ የምነግረው።»

ልጇ ማኅተም የተመታበትን ወረቀት ይዞ፣ ላቡ ደረቱ ላይ ጠብ እያለ ደረሰ። ሳትንተባተብ ነገረችው። ወረቀቱን ለሁለት አጠፈው፤ እንደገና ለአራት አጠፈው።

«ከእኔ አፍረሽ?»

«ካንተ።»

«ከሲስተሯ ብታፍሪ እሺ። እኔ እኮ ከሆድሽ ነው የወጣሁት።»

«ለዚሁ እኮ ነው።»

የታጠፈውን ወረቀት ኪሱ ከተተ። «ትናንት አለቃዬ ሲደውልልኝ የእናቴ ኩላሊት እምቢ አለ ብዬ መንገድ ላይ አለቀስኩ» አላት። «ትልቅ ሰውዬ። ሰው ቆሞ እያየኝ።» ከዚያ መኪናው እንዳይመጣ ሊናገር ወጣ።

ከዚያ በሁለተኛው ቀን የወጣው የደም ውጤት ኩላሊቷ ማገገም መጀመሩን አሳየ፤ ወደ ነበረበት ግን አልተመለሰም። «ከልብዎ ይሁን ከእነዚያ ቀናት፣ ለይቼ ልነግርዎት አልችልም» አላት ሐኪሙ። ለይቶ ባይነግራትም ድርሻዋን ታውቀዋለች። ልጇ መለካቱን አልተወም፤ ጮክ ብሎ መጥራቱን ብቻ ተወ። ቁጥሩን ዝም ብሎ ይጽፋል። እሷም አሁን ጠብታ አታስቀርም፤ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትሰጠዋለች። እፍረቱ አልለቀቃትም።

በዚያው ቀን በጠያቂ ሰዓት ክፍሉ ጢም ብሎ ሞላ። ልጇ መስኮቱ ሥር ተንበርክኮ ነበር። ፊት ለፊት ያለችውን ታማሚ ልትጠይቅ የመጣች አንዲት ሴት በአገጯ ወደሱ አመለከተችና «ይሄ ነው እንዴ እናቱን ሊገድላት የነበረው?» አለች፣ ሹክሹክታ መስሏት። «ለካልኝ ሲባል ሻይ ቤት ይውላል አሉ።»

ልጇ ሰማ። የአንገቱ ሥር ሲገታተር ከአልጋዋ ሆና አየችው። ዞሮ አንድ ቃል ቢናገር ይበቃው ነበር። ቁጥሩን ጻፈ፤ እርሳሱን ጆሮው ላይ መለሰ።

እማማ በረኪና እግሯን ወደ መሬት አወረደች። የአልጋውን ብረት በሁለት እጇ ይዛ ቆመች።

«አንቺ ልጅ» አለች፣ «ሌሎቻችሁም ስሙኝ። ልጄ አንድ ቀን አልዋሸም። ሽንቴን እየደበቅሁ ሽንት ቤት የደፋሁት እኔ ነኝ። እኔ የደፋሁትን እሱ ተሰደበበት፤ እኔም እየሰማሁ ዝም አልኩ።»

ሾርባ ያማስል የነበረ ማንኪያ ቆመ። ሴትየዋ ዘንቢሏን ጭኗ ላይ ሳበች።

«እኔ ምስክር ነኝ» አለች አትክልት ቸርቻሪዋ። «ኮቴዋ እንዳይሰማ ጫማዋን በእጇ ይዛ ነበር የምትሄደው።» አንድ ሁለት ሰው ሳቀ፤ እማማ በረኪና ከነሱ ጋር መሳቅ አልቻለችም። ፊቷ እስከ ጆሮዋ ይነድዳል።

ልጇ ተነስቶ መጣና ትከሻዋን ያዘ። «በቃ እማዬ፣ ተቀመጪ። ሰው እየሰማ ነው።»

«ይስማ» አለች፣ የአልጋውን ብረት ሳትለቅ። «አንተ ስትሰደብም ሰምቷል።»